«የሴል ሽፋንን ይከላከላል» የተባለውን እንክብል እናቴ ትውሰድ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ 64 ዓመቷ ሲሆን መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው ያለችው። የልብ ምቷ ስለሚዛባ ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። በቅርቡ አንድ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ ሁለት ብልቃጥ አመጣላት። አንደኛው ቫይታሚን ኢ 400 ይላል። ሌላው ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ሲ ያለበት ‹አንቲኦክሲዳንት› ነው። ወረቀቱ የሴል ሽፋንን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ይከላከላል ይላል። እውነት ነው? ከሆነ ሁላችንም ብንወስደው ምን አለበት? ታናሽ ወንድሜ ሲጋራ ስለሚያጨስ በተለይ ለሱ ሳንባ ይሆናል ብዬ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ኑግ ዘይትና ተልባ ከበላችሁ ምንም አያስፈልጋችሁም› አለኝ። ሌላው ‹ሴል የሚያቃጥሉት እነሱ ናቸው› አለ። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ እናትዎ ቫይታሚን ኢውን አይውሰዱ። ወንድምዎ ቤታ ካሮቲን ያለበትን ብልቃጥ አይንካ። ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ባይኖርዎ እንኳ እነዚህን ሁለቱን ይያዙልኝ።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ኬሚስትሪ ልክ ነው። ቫይታሚን ኢ የሴል ሽፋንን ይጠብቃል። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሰው በራሱ በሚጨምረው ነው፤ «እንግዲያው ብዙ ብወስድ ብዙ ይጠብቀኛል» በሚለው። ይህ ለምን እንደማይሠራ ለማወቅ ሽፋኑ እንዴት እንደሚበላሽ ማየት ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ ሴላችን በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሁለት መቶ ሺህ ያህሉ ቢደራረብ ነው አንድ ሚሊሜትር የሚሞላው። መሠረቱ ስብ ነው፤ ፕሮቲኖች በመካከሉ ተሰክተውበታል። ፎስፎሊፒድ የሚባሉት የስብ ሞለኪውሎች ራሳቸውን ከሴሉ ውስጥና ውጭ ወዳለው ውሃ፣ ጭራቸውን ወደ መሐል አድርገው በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ። ከጭራዎቹ አንዳንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዳንዱ የታጠፈ ነው። የታጠፈው ድርብ ትስስር አለው። ሽፋኑን ልስልስ የሚያደርገው ይህ መታጠፍ ነው። ሁሉም ቀጥ ያለ ቢሆን ሽፋኑ ይደርቃል፣ ፕሮቲኖቹም እንደ ልባቸው አይንቀሳቀሱም።

ደካማ ጎኑም እዚያው ላይ ነው። በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል የተቀመጠች ሃይድሮጅን ላላ ብላ ነው የተያዘችው። ፍሪ ራዲካል ደግሞ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል ነው፤ የጎደለውን ካገኘው ይነጥቃል። ያችን የላላች ሃይድሮጅን ይወስዳታል። የተነጠቀው ጭራ አሁን በተራው ራዲካል ሆነ። ወዲያው ኦክስጅን ይለጠፍበታል። ከዚያ የጎረቤቱን ሃይድሮጅን ይነጥቃል። ጎረቤቱም የቀጣዩን። ወረቀቱ ኦክሲዴሽን ያለው ይህንን ነው። አውድማ ላይ የገብስ ክምር ሲቃጠል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንድ ነዶ ከተያያዘ ለሌላው ያቀብላል እንጂ እዚያው ብቻውን ተቃጥሎ አያበቃም። የጉዳቱ መጠን የሚወሰነውም በመጀመሪያዋ ብልጭታ ሳይሆን ሰንሰለቱ በተጓዘው ርቀት ነው።

ኦክስጅን የያዘ ጭራ እንደ በፊቱ ስብ መሐል መቆየት አይችልም፤ ወደ ውሃው ይሳባል። ሽፋኑ ይሳሳል፣ ያፈሳል። ካልሲየም ያለ ልክ ወደ ውስጥ ይገባል። ጭራው ሲሰባበር ደግሞ ስብርባሪው ራሱ ጠንቀኛ ነው። ተመራማሪዎች የሽፋን ጉዳትን ሲለኩ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ማሎንዲያልዴሃይድ ከዚህ ስብርባሪ አንዱ ነው። ፕሮቲንም ሆነ ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋል። ድርብ ትስስር በበዛ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። አንጎልና የዓይን ሬቲና ስድስት ድርብ ትስስር ያለው ዲኤችኤ የተባለ ስብ ስለሚበዛባቸው ከሌላው አካል የበለጠ ጥበቃ ይሻሉ።

አሁን ወደ ቫይታሚን ኢ እንምጣ። ይህ ቫይታሚን የሚኖረው እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ነው። ረጅም ጭራው ከስቡ መሐል ይገባል፤ ሥራውን የሚሠራው የራስ ክፍሉ ወደ ሽፋኑ ወለል ተጠግቶ ይቆማል። ሰንሰለቱን የሚያስኬደው ራዲካል ሲመጣበት የራሱን ሃይድሮጅን ይሰጠዋል። ፍጥነቱ ያስደንቃል፤ ራዲካሉ ከጎረቤት ጭራ ጋር ከሚገናኝበት በ1000 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ለዚህ ነው ከሺህ የስብ ሞለኪውሎች መሐል አንድ ያህል ቫይታሚን ኢ እንኳ ብዙ ሥራ የሚሠራው። ከክምሩ መሐል እሳቱን ተቀብሎ የማያቀብል እርጥብ ነዶ በሉት።

ግን ልብ ይበሉ። ቫይታሚን ኢ የመጀመሪያዋን ብልጭታ አይከለክልም። ሰንሰለቱን ነው የሚበጥሰው። ሃይድሮጅኑን ከሰጠ በኋላም እሱ ራሱ ደካማ ራዲካል ሆኖ ይቀራል፤ መልሶ የሚያድሰው ይፈልጋል። ይህን ሽፋኑ ወለል ላይ ደርሶ የሚያደርግለት በውሃው በኩል ያለው ቫይታሚን ሲ ነው። ቫይታሚን ሲን ደግሞ ግሉታቲዮን የተባለ ሞለኪውልና አንዳንድ ኢንዛይሞች ያድሱታል። እነሱም ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከምንበላው ምግብ ነው። በዚህ ላይ ሰንሰለቱ እስኪበጠስ ድረስ የተፈጠሩ፣ ፐርኦክሳይድ የሚባሉ ኦክስጅን የተለጠፈባቸው ስቦች አሉ። እነሱን እዚያው ሽፋኑ ላይ የሚያጸዳው ሴሌኒየም ያለበት ጂፒኤክስ 4 የተባለ ኢንዛይም ነው። እሱ ከሌለ በፕሮቲን ያልተቆለፈ የላላ ብረት ከፐርኦክሳይዱ ጋር ተገናኝቶ እሳቱን እንደገና ይጭረዋል። ሴል በዚህ መንገድ ብቻ ሊሞት እንደሚችል ታውቆ ለአሟሟቱ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ፌሮፕቶሲስ ይባላል።

ስለዚህ ሽፋንን የሚጠብቀው ቅብብሎሽ ነው። ከቅብብሎሹ አንዱን ብቻ አሥር እጥፍ ማብዛት ሌሎቹን አያፈጥናቸውም። ጉበትም ዝም ብሎ አያይም። ወደ ደም የሚገባውን ቫይታሚን ኢ የሚመርጥና የሚመጥን ፕሮቲን አለው፤ ትርፉ ይቃጠላል፣ ከሐሞት ጋርም ይወጣል። ሰው የፈለገውን ያህል ቢውጥ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከሁለት ሦስት እጥፍ ብዙም አያልፍም። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ነው። ዘመድዎ ያመጣው 400 ዩኒት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ብልቃጡን ዞር አድርገው በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። «ዲ-አልፋ» ካለ ከተፈጥሮ የወጣ ነው፤ 268 ሚሊግራም ይሆናል። «ዲኤል-አልፋ» ካለ ሰው ሠራሽ ነው፤ የሚሠራው ክፍል 180 ሚሊግራም ነው። በየትኛውም ቢሆን ከሚያስፈልገው አሥር እጥፍ በላይ ነው።

ይህ ቅብብሎሽ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚታየው ቀይ የደም ሴል ላይ ነው። ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፤ ኢንዛይም ቢያልቅበት አዲስ መሥራት አይችልም። በብረትና በኦክስጅን የተሞላ ነው። በዚያ ሁኔታ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ግሉታቲዮኑን የሚያድስበት ጉልበት በአንድ መንገድ ብቻ ይመጣለታል፤ ጂ6ፒዲ በተባለ ኢንዛይም። ይህ ኢንዛይም በዘር የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ባቄላ ሲበሉ፣ በተለይ እሸቱን፣ በውስጡ ያሉት ቪሲንና ኮንቪሲን የተባሉ ነገሮች ሆድ ውስጥ ተለውጠው የደም ሴሉን ያጠቁታል። ሽፋኑ ይሰነጣጠቃል፣ ሴሉ ይፈርሳል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰውየው አቅም ያጣል።

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ሰው ይህን አንብቦ ባቄላ እንዳይተው አደራ። ባቄላ ለእኛ ሰው ትልቅ ምግብ ነው። ሽሮው፣ ንፍሮው፣ ቆሎው የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ኢንዛይሙ የሚያንሰው ሰው በደጋው ጥቂት ነው። የሚጠነቀቀው ባቄላ በልቶ ሽንቱ ጠቁሮ የሚያውቅ ወይም በቤተሰቡ ይህ የታየበት ሰው ነው። ነገሩ የሚነሳበት ሌላም ቦታ አለ። በቆላው፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ቫይቫክስ የተባለው ወባ ሲይዝ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ለመጨረስ ፕሪማኩዊን ይሰጣል። ይህም መድኃኒት ጂ6ፒዲ የሚያንሰውን ሰው ደም ያፈርሳል። እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ መድኃኒቱ ሳይጀመር ለጤና ባለሙያው መናገር ነው። ለእነዚህ ሰዎች በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ ቫይታሚን ሲ ራሱ አደገኛ ነው። አንቲኦክሲዳንት የምንለው ነገር መጠኑ ሲበዛ ፊቱን ሊያዞር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ አልፈልግም።

ሰዎች «ኦክሲዳንት» ሲሉ መርዝ ብቻ ይመስላቸዋል። ይህም መታረም አለበት። ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያ የሚገድለው ራዲካል ሆን ብሎ አምርቶ ነው። ሴሎችም በትንሽ መጠን እንደ መልእክት ይጠቀሙበታል። ሁሉንም ማጥፋት ቢቻል እንኳ ጥሩ አይሆንም ነበር።

ወደ እንክብሉ ልመለስ። ነገሩ በንድፈ ሐሳብ ብቻ አልቀረም፤ በሰው ላይ ተሞክሯል። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ያህል የሚያጨሱ ወንዶች ለዓመታት ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሁለቱን ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ። ሁሉም ሰው የጠበቀው የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። ቫይታሚን ኢውም ከሳንባ ካንሰር አላዳነም። አሜሪካ ውስጥ በአጫሾችና አስቤስቶስ ከተባለው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ጋር በሚሠሩ ሰዎች ላይ የተጀመረ ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ እዚያም ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ አብረው ሲሰጡ ካንሰሩ በ28 ከመቶ በልጦ ነበር። ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ልክ እንደ እርስዎ ብልቃጥ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱትን ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተገኘው የፕሮስቴት ካንሰር በ17 ከመቶ መጨመሩ ነው።

ለምን? አንዱ የሚሰጠው ምክንያት ይህ ነው። የአጫሽ ሳንባ ውስጥ ኦክስጅኑም ራዲካሉም ብዙ ነው። ብቻውን የበዛ ቤታ ካሮቲን እዚያ ራሱ ይሰባበርና ስብርባሪው ሕዋሱን ይነካል። ስለዚህ ለወንድምዎ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲጋራውን ያቁም። እያንዳንዷ ሳብ ሳንባው ላይ ራዲካል ታፈሳለች፤ በእንክብል ማሯሯጥ አይቻልም። የሚያጨስ ሰው ከሌላው በቀን 35 ሚሊግራም ያህል ተጨማሪ ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። ያንን አንድ ሁለት ጥሬ ቃሪያ ከሽሮው ጋር ቢበላ ያገኘዋል። ካሮትና ዱባም ይብላ፤ በምግብ የሚገኘው ቤታ ካሮቲን ይህን ጉዳት ሲያደርስ አልታየም።

አንድ ነገር አልጠየቁኝም፤ ግን ልተወው አልችልም። መንዝ ላይ ጓዳ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው። እናትዎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ጭስ ሲምጉ የኖሩ ይሆናል። የኩበት ጭስ ለሳንባ ሽፋን ከሲጋራ ብዙ የራቀ አይደለም። ዘመድዎ ለሁለቱ ብልቃጥ ያወጣው ገንዘብ ምርጥ ምድጃና የጭስ መውጫ ላይ ቢውል ኖሮ ለእናትዎ ሴሎች የበለጠ ይሠራ ነበር። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ግን እጸናበታለሁ።

ዘይቱ ላይ ሁለቱም ጓደኞችዎ በከፊል ልክ ናቸው። የኑግ ዘይት ሰባ ከመቶ ገደማው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሁለት ድርብ ትስስር ያለው፣ ቅድም ያልነው የላላ ሃይድሮጅን ያለው ስብ ነው። ስለዚህ በቀላሉ ይበላሻል። በሌላ በኩል ኑግ የራሱን ቫይታሚን ኢ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያውም በአብዛኛው ሰውነታችን የሚመርጠውን የአልፋ ዓይነት። ተክሉ ይህን የሠራው ለኛ ብሎ አይደለም። ዘሩ ውስጥ ያስቀመጠው ዘይት እስከሚበቅልበት ቀን እንዳይበላሽበት ነው። በላቦራቶሪ ቫይታሚን ኢ እንዳይሠሩ የተደረጉ ተክሎች ዘራቸው ተቀምጦ አይቆይም፤ የበቀለውም ቶሎ ይደክማል።

እንግዲህ ጥያቄው ኑግ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው አይደለም። ዘይቱ ትኩስ ነው ወይስ አርጅቷል ነው። ዘይት ሲያረጅ የሚካሄደው ሴል ሽፋን ላይ ያየነው ያው ሰንሰለት ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ ይሠዋል። እሱ እስኪያልቅ ድረስ ዘይቱ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ካለቀ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል፤ ጠረኑ ይለወጣል፣ ሲበሉት ጉሮሮ ይከረክራል። የቆየ የዘይት ጠርሙስ አፉን ይንኩት። ክዳኑ ዙሪያ ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ያገኛሉ። እሱ ቆሻሻ አይደለም። ኦክስጅን ያገኘው ዘይት እርስ በርሱ ተያይዞ የሠራው ነው። አንዳንድ ሰው ዘይቱን ጨርሶ ያንን ሳያጥብ አዲስ ዘይት ይገለብጥበታል። የተረፈው ፐርኦክሳይድ አዲሱን ይጀምረዋል።

ስለዚህ ዘይት በሃይላንድ ተሞልቶ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ከተደረደረ አይግዙ። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው ጠላቶቹ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው በብርዱ ዕድለኛ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመድዎ ያንኑ ዘይት ያን ያህል ማቆየት አይችልም። ትንሽ ትንሽ ይግዙ። ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። ክዳኑን ይግጠሙ። ጠርሙሱን አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ይሙሉ። የኑግ ዘይት ለወጥና ለሰላጣ እንጂ እየደጋገሙ ለመጥበስ አይሆንም። መናኸሪያ አካባቢ ፓስቲና ሳምቡሳ የሚወጣበት፣ ጠቁሮ አረፋ የሚሠራው ዘይት ግን ምንም ዓይነት ዘይት ይሁን አይመከርም። ውስጡ የቀረ ቫይታሚን ኢ ካለ እንኳ ለስሙ ነው።

ተልባ ከኑግም ይብሳል፤ ማለቴ ለመበላሸት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስቡ ሦስት ድርብ ትስስር አለው። ፍሬው ሳይሰበር ሲቀመጥ ይቆያል፤ ቅርፊቱ አየር አያስገባም። ከተቆላና ከተወቀጠ በኋላ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ለዐቢይ ጾም በሙሉ የሚሆን ተልባ ባንድ ቀን አዘጋጅቶ በላስቲክ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ይህን ይተዉት። ለሳምንት የሚሆነውን ብቻ ወቅጠው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያስቀምጡ። መራራ ከመሰለዎ ይድፉት። ሱፍ ፍትፍት ከወደዱ እሰየው፤ ሱፍ ከቅባት እህሎች መካከል በቫይታሚን ኢ ከበለጸጉት ነው። የፈረንጅ ሱፍ ዘይትም እንዲሁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 5 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ኢ አለው። የተነጠረ ቅቤ በአንጻሩ የሚበላሽ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ውሃውም ወጥቶለታል። ለዚህ ነው ኮሰረቱና ኮረሪማው ገብቶበት ረጅም ጊዜ የሚቀመጠው። ግን በቫይታሚን ኢ በኩል አይታመኑበት።

ቡና፣ ሻይና እርድ «አንቲኦክሲዳንት» ናቸው ሲባል ይሰማሉ። በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ናቸው። ከአንጀት አልፎ ሴል ሽፋን ላይ የሚደርሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ምግቦችን በዚህ ዓይነት ነጥብ ያሰለፈበትን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስወገደው ቁጥሩ ከጤና ጋር ስለማይገናኝ ነው። ቡናዎን ስለሚወዱት ይጠጡ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ሻይና ቡናውን ከምግብ ያርቅ፤ ብረት እንዳይገባ ይይዛሉ። ብረትን ካነሳን፣ የደም ማነስ ሳይኖር የብረት እንክብል መውሰድም አይመከርም። ሰውነት ብረትን በፕሮቲን ቆልፎ የሚያስቀምጠው በምክንያት ነው፤ የላላ ብረት ሰንሰለቱን ከሚጭሩት ዋናው ነው። ሴሌኒየምም እንዲሁ፤ በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃል፣ ከ400 በላይ ከሆነ ጥፍርና ፀጉር ያረግፋል። ያለ ሐኪም አይሞከርም።

ቫይታሚን ኢ በመድኃኒትነት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ሐሞት በደንብ የማይፈስላቸው፣ ስብ ከምግብ መውሰድ የማይችሉ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ አንዳንድ ሕፃናት፣ ቅድም ያልነው የጉበት ፕሮቲን በዘር የጎደላቸው። እነዚህ ካልታከሙ ነርቮቻቸው ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ በሐኪም ታይቶ የሚወሰን ነው። እናትዎ ከጻፉልኝ ከእነዚህ አንዱም ውስጥ አይደሉም።

የእናትዎ ጉዳይ የሚለየው በዋርፋሪኑ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኬን በማስተጓጎል ነው። ከፍተኛ ቫይታሚን ኢ ደግሞ በዚያው በኩል ይጫናል፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌት የተባሉት የደም ክፍሎችም ቶሎ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ሁለቱ ሲደመሩ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ድድ ላይ ሊሆን ይችላል፣ አንጎል ውስጥም ሊሆን ይችላል። ዋርፋሪን የማይወስዱ ሰዎች ላይ እንኳ በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ቫይታሚን ኢ በእንክብል የሚወስዱት ላይ ደም በመፍሰስ የሚመጣ ስትሮክ ጨምሮ ተገኝቷል።

አሁን «እንግዲያው ጎመን አብዝታ ትብላ» ብለው እንዳይነሱ። ጎመን ለሽፋን የሚሆን ቫይታሚን ሲና ሌላም አለው፤ ግን በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው። እናትዎ ድንገት ጎመን ካበዙ ዋርፋሪኑ ይደክማል፣ ደም ሊረጋ ይችላል። ድንገት ቢያቆሙም ተቃራኒው ይመጣል። ጾም ሲገባና ሲወጣ የሚሆነው ይኸው ነው። በየሳምንቱ የሚበሉት መጠን ተቀራራቢ ይሁን፤ መተው አያስፈልግም። ከጎመን ሌላ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ሲገኝም ከቆላ የሚመጣ ብርቱካንና ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ በነፃነት ይብሉ። ቃሪያ ሆድ የሚነካቸው ከሆነ ሎሚ ወጡ ላይ ይጭመቁበት፤ ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው ግን፣ ቫይታሚን ሲ ሲፈላ ይጠፋል። ባቄላው፣ ምስሩ፣ ትኩስ የኑግ ዘይቱና በፍስክ ቀን እንቁላሉ ካለ ሌላ አልጨምርላቸውም።

እናትዎ እንክብሉን ጀምረውት ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም። ዋርፋሪኑን ግን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ መጠኑንም እንዳይነኩ። ክትትል ወደሚያደርጉበት ሆስፒታል ሁለቱንም ብልቃጥ ይዘው ይሂዱና ስንት ቀን እንደወሰዱ ይንገሩ። አይኤንአር የሚባለው፣ ደም ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየው የደም ምርመራ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይደረግላቸው፤ ካቆሙ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ደግሞ ይደገም፣ ቁጥሩ ሊዋዥቅ ስለሚችል። በዚህ መሐል ሰገራቸው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ሽንታቸው ከቀላ፣ ነስር አልቆም ካለ፣ ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ቢነሳባቸው መሐል ሜዳ ካለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። እስኪነጋ አይጠበቅም።